ነጩን የጭነት ሃይስ ማሳመር፦ ማደስ፣ ማስቀባት፣ ራፕ ማልበስ ወይስ ማጻፍ?

ነጭ ዝግ ቫን ለሥራ የገዛ ሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ሞተሩ ደህና ነው፣ ጭነቱንም ያለ ችግር ያነሣል፤ መልኩ ግን ደብዝዞ የድርጅቱን ስም ከማስጠራት ይልቅ የሚያሳንስ ይሆናል። አንዱ ወዳጅ «አስቀባው» ይላል፣ ሌላው «ራፕ አልብሰው» (ማለትም በሚለጠፍ የቪኒል ፊልም ሸፍነው)፣ ሦስተኛው «ቸርኬውን ቀይርና ተገላገል» ብሎ ይመክራል። ሁሉም ምክሮች ትክክል የሚሆኑበት መኪና አለ፤ ሁሉም ገንዘብ የሚያባክኑበት መኪናም አለ። ይህ ጽሑፍ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ በብዛት የሚታየውን የቶዮታ ሃይስ የጭነት ቫን፣ በተለይም እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ መመረት የጀመረውን ሞዴል ይዞ አማራጮቹን ያነጻጽራል። አቋሜን ከወዲሁ ለመናገር ያህል፣ ለአብዛኛው የሥራ ቫን የሚበጀው ነጩን ቀለም መለወጥ ሳይሆን ነጩን መልሶ ማንጣት፣ ዙሪያውን ማስተካከልና በትክክለኛው ቦታ ላይ ጥቂት ነገር መጨመር ነው ብዬ አምናለሁ።

መኪናው ለምን ባዶ ይመስላል?

ከመምረጥ በፊት ጉድለቱ የት እንዳለ መለየት ይገባል። መደበኛው ሃይስ ርዝመቱ 4.7 ሜትር፣ ከፍታው ደግሞ 2 ሜትር ገደማ ነው። መስኮት ያለው ሚኒባስ ይህን ስፋት በመስታወት ይከፋፍለዋል፤ ዝጉ ቫን ግን ከሾፌሩ በር ጀምሮ እስከ ኋላ መብራቱ ድረስ ያለማቋረጥ ነጭ ላሜራ ነው። በዚያ ላይ ለጭነት የሚመረተው ዝቅተኛው ደረጃ ብዙውን ጊዜ ፓራውልቱና ስፖኪዮው ቀለም ያልተቀባ ጥቁር ፕላስቲክ፣ ቸርኬውም ተራ ብረት ሆኖ ይወጣል። ጥቁሩ ፕላስቲክ ፀሐይ እየመታው ወደ ግራጫነት ይሄዳል፣ ነጩም አንጸባራቂነቱን ያጣል። ስለዚህ «ባዶ ነው» የሚባለው ስሜት የሚመጣው ከነጩ ቀለም ብቻ ሳይሆን ከደበዘዘ ፕላስቲክ፣ ከዛገ ቸርኬና ከተንጣለለ ጎን ድምር ነው። ከሦስቱ ሁለቱን ለማስተካከል መላ ቀለሙን መንካት አያስፈልግም።

ያለውን ነጭ ማደስ

በጣም ርካሹ አማራጭ ይህ ነው፤ በጣም የሚናቀውም ይኸው ነው። በደረቀና በታጠበ ኮፈን ላይ መዳፍዎን ጫን አድርገው ይጥረጉ፤ እጅዎ ላይ ኖራ የመሰለ ነጭ ብናኝ ከቀረ ቀለሙ አልጠፋም፣ የላይኛው ገጹ ብቻ በፀሐይ ተሰብሯል ማለት ነው። ነጭ ቀለምን ነጭ የሚያደርገው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የተባለው ማዕድን የአልትራቫዮሌት ጨረር ሲመታው በዙሪያው ያለውን ማያያዣ ቀስ በቀስ ስለሚያዳክም ብናኙ ነጻ ወጥቶ ገጹ ላይ ይቀራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ጨረሩ ከቆላው ይልቅ ይበረታል፤ አየሩ ቀዝቀዝ ያለ በመሆኑ ግን ብዙ ሰው ፀሐዩ መኪናውን እየጎዳው መሆኑን አያስተውልም።

እድሳቱ መኪናውን በደንብ አጥቦ፣ ተጣብቆ የቀረውን የመንገድ ሬንጅና የብረት ብናኝ አንሥቶ፣ በፖሊሽ ማሽን የሞተውን ገጽ መግፈፍ፣ በመጨረሻም ሰም ወይም ሌላ መከላከያ መቀባት ነው። ከፋብሪካ የወጣ ቀለም ጠቅላላ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ) ነው፤ አንድ ጥሩ ፖሊሽ የሚገፈው ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው። ይህ ማለት ደጋግሞ የሚሠራ ነገር አይደለም፤ በተለይ በበር ጠርዝና በኮፈን ስብራት ላይ ማሽን የሚያበዛ ሠራተኛ ከቀለሙ ሥር ያለውን የዝገት መከላከያ ቅብ፣ አንቲረስቱን፣ ገልጦ ሊያስቀረው ይችላል። ሥራው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ያልቃል፣ ሊብሬ አይነካም፣ መኪናውም ከሥራ ብዙ አይጎድልም።

በዚሁ አጋጣሚ የፊት መብራቱን አብሮ ማሠራት ተገቢ ነው። ሽፋኑ ፖሊካርቦኔት በመሆኑ ቢጫ ይሆናል፤ ቢጫ መብራት ያለው መኪና ደግሞ ላሜራው የቱንም ያህል ቢያበራ ያረጀ ይመስላል። በውኃ ብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው ወደ ለስላሳው እየተሻገሩ ካሹት በኋላ ጨረር የሚከላከል ክሊር (ቀለም የሌለው መከላከያ ቅብ) ካልተቀባ በወራት ውስጥ ተመልሶ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ «አሸሁልህ» ብቻ የሚል ሠራተኛ ግማሹን ሥራ ነው የሠራው።

እድሳት የማያድነው መኪናም አለ። ቀለሙ በቅርፊት መልክ እየተላጠ ከሆነ፣ ከሥሩ ዝገት እየነፋው ከሆነ፣ ወይም ቀድሞ የተቀቡ ክፍሎች ከቀሪው ነጭ ጋር ካልተስማሙ ፖሊሽ ጉድለቱን የበለጠ ያጎላዋል እንጂ አይሸፍነውም።

ማስቀባት

እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች በአንድ ስም ይጠራሉ፤ በዚያው በነጩ ማስቀባትና ወደ ሌላ ቀለም መለወጥ። ልዩነታቸው በወጪም በመዘዝም ከፍተኛ ነው።

በነጩ ሲያስቀቡ መነሻው የቀለም ኮዱ ነው። ቶዮታ ኮዱን በሻንሲው መለያ ሰሌዳ ላይ «ሲ/ቲአር» ከሚለው ምልክት አጠገብ ያትመዋል፤ በነጭ ሃይስ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኙት 040 ወይም 058 ናቸው። ሁለቱም ነጭ ይባላሉ እንጂ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልዩነታቸው ይታያል፤ ያረጀ ነጭ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። ስለዚህ አንድ በር ብቻ ማስቀባት ካስፈለገ በኮዱ የተቀመጠውን ቀለም በቀጥታ ከመቀባት ይልቅ ቀቢው ከአጠገቡ ካለው ክፍል ጋር እንዲያመሳስለው መጠየቅ ያስፈልጋል።

ወደ ሌላ ቀለም መለወጥ ግን ከዚህ የራቀ ነው። የመኪናው ቀለም ሊብሬ ላይ የተጻፈ ስለሆነ ከለውጡ በፊት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱን መጠየቅና መዝገቡን ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ካልሆነ በዓመታዊው ምርመራም ሆነ በሽያጭ ጊዜ ችግር ይመጣል። ሥራውም ቢሆን የበሮቹን ውስጠኛ ጠርዝ፣ የተንሸራታቹን በር ሐዲድና የኋላውን በር ማቀፊያ ማካተት አለበት። ዕቃ ሲያወርዱ በሩ በቀን ብዙ ጊዜ የሚከፈት መኪና ውስጡ ነጭ ውጪው ግራጫ ሆኖ ሲገኝ ከመጀመሪያው የባሰ ርካሽ ይመስላል።

ቀለም ውበቱ የሚወሰነው ከመቀባቱ በፊት ባለው ሥራ ነው። በሃይስ ላይ ዝገት የሚጀምርባቸው ቦታዎች ከሞላ ጎደል የታወቁ ናቸው፤ የጣሪያው የውኃ መውረጃ ጠርዝ፣ የኋላ ጎማ ዙሪያ፣ የተንሸራታቹ በር የታችኛው ከንፈርና የፊት መስታወቱ ላስቲክ ሥር። ላሜራ ሠሪው የበላውን ቆርጦ አዲስ ካልበየደ፣ ይልቁንም ስቱኮ ሞልቶ በላዩ ቢያስቀባ፣ ነገሩ ውስጡን ለቄስ ይሆናል፤ አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ ከሥሩ መንፋቱ አይቀርም። ስቱኮ ትንሽ ጉድጓድ ማስተካከያ እንጂ ላሜራ መተኪያ አይደለም፤ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከተከመረ በንዝረት ይሰነጠቃል፣ የጭነት መኪና ደግሞ ከንዝረት አያመልጥም።

የቀለሙ ዓይነትም ይለያያል። ሃርድነር (ማጠንከሪያ) ተቀላቅሎበት የሚደርቀው ሁለት ክፍል ቀለም በቲነር ብቻ ቀጥኖ ከሚረጨው ይልቅ ቤንዚንን፣ ፀሐይንና አዘውትሮ መታጠብን ይቋቋማል። ዋጋው ይበልጣል፤ ግን ልዩነቱን መክፈል ተገቢ ነው እላለሁ። አንድ ነገር ግን በዝምታ የማይታለፍ ነው። ሃርድነሩ አይሶሳያኔት የተባለ ለሳንባ አደገኛ ኬሚካል ይይዛል፤ የሚረጨው ሰው በጨርቅ አፉን ሸፍኖ ሲሠራ ማየት በጣም የተለመደ ነው። ትክክለኛ የመተንፈሻ መከላከያ ያለው ጋራዥ መምረጥ ለሥራው ጥራትም ለሰውም ሕይወት ይጠቅማል።

ጊዜውም ይታሰብበት። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ክረምት ሜዳ ላይ ወይም በቆርቆሮ ጥላ ሥር የሚረጭ ቀለም ላይ ችግር የሚፈጥረው እርጥበቱ ነው፤ ቲነሩ ሲተን ገጹን ስለሚያቀዘቅዘው የአየሩ እርጥበት ይጤዝበታል፣ ቀለሙም ጭጋጋማ ሆኖ ይደርቃል። ኦቨን የሚባለው ዝግ የቀለም ክፍል ያለው ቤት ካልተገኘ እስከ ጥቅምት መጠበቅ ይሻላል። በበጋው ደግሞ ጠላቱ አቧራ ነውና ከጥርጊያ መንገድ ዳር ያለ ጋራዥ አይመከርም።

ሙሉ ራፕ

ራፕ ማለት የመኪናውን ውጫዊ ገጽ በቪኒል ፊልም ማልበስ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ሥር ያለውን ቀለም ሳይነካ መልክ መለወጡና ሲፈለግ መነሣቱ ነው። ነገር ግን ዓይንን የሚስብ ቀለም ሁሉ አንድ ዓይነት ፊልም አይደለም። ካስት የሚባለው ወደ 50 ማይክሮን የሚጠጋ ቀጭን ሲሆን ቅርጽ ይከተላል፣ በአግባቡ ከተለጠፈ በቁም ገጽ ላይ ከ5 እስከ 7 ዓመት ይቆያል። ካሌንደርድ የሚባለው ወፈር ያለና ርካሽ ነው፤ በፋብሪካ በመዳመጥ የተሠራ ስለሆነ ወደ ነበረበት መጠን መመለስ ይፈልጋል፣ ስለዚህም ከጎድጓዳ ቦታና ከጠርዝ ላይ ይሸሻል።

በዝጉ ሃይስ ላይ ይህ ልዩነት ቁልጭ ብሎ ይታያል። መስኮት ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ላይ ላሜራው ወደ ውስጥ ተጎድጉዶ የመስኮት ቅርጽ ይዟል። ለጣፊው ፊልሙን ከጎድጓዳው በላይ ወጥሮ በሙቀት ሲያስገባው ሲያስረክብ ንጹሕ ነው፤ ርካሹ ፊልም ግን በሳምንታት ውስጥ ከአራቱ ማዕዘን እየተነሣ አየር ይቋጥራል። ጥሩ ባለሙያ ወይ ካስት ተጠቅሞ ጎድጓዳውን እስከ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ድጋሚ ያሞቀዋል፣ ወይ ጎድጓዳውን ለብቻ ቆርጦ ይለጥፈዋል። ለጣፊ ሲመርጡ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው «ጎድጓዳውን እንዴት ትሠራዋለህ?» የሚለው ነው፤ መልሱ ስለ ሰውየው ብዙ ይናገራል።

ሌላው ነገር ከሥር ያለው ቀለም ነው። ፊልም የሚይዘው ቀለሙን ነው፤ ቀለሙ ላሜራውን ካልያዘ ፊልሙ የያዘው ምንም የለም። ቶዮታ ራሱ በአሜሪካ በተሸጡ አንዳንድ ሞዴሎች ላይ 040 እና 070 የተባሉት ነጮች በፀሐይ ምክንያት ከብረቱ እየተላቀቁ መላጣቸውን አምኖ ለባለቤቶቹ የጥገና መርሐ ግብር አውጥቶ ነበር። ይህ ማለት እያንዳንዱ ነጭ ቶዮታ ይላጣል ማለት አይደለም፤ ግን ነጭ መኪናን ራፕ ከማልበስ በፊት መፈተን አስፈላጊ መሆኑን ያሳያል። ቀድሞ በተፋቀ ቦታ አጠገብ ጠንካራ ፕላስተር ለጥፎ በአንዴ መንቀል በቂ ፈተና ነው፤ ቀለም ይዞ ከመጣ ራፑ ይቅር። በተለይ በርካሽ ቀለም ተቀብቶ የነበረ መኪና ላይ ፊልሙ ሲነሣ ቀለሙን ይዞት ይሄዳል።

ለሊብሬው ጉዳይም ራፕ መፍትሔ አይደለም፤ ከውጭ የሚታየው ቀለም ከተመዘገበው ከተለየ ጥያቄው ያው ነው። ጥቁር ወይም ጥቁር ግራጫ ራፕ ደግሞ ለዳቦ፣ ለአበባ ወይም ለወተት ተዋጽኦ ማመላለሻ አይስማማም፤ ነጭ ፀሐዩን ይመልሳል፣ ጥቁር ግን ይጠጣዋል፣ የጭነት ክፍሉም ቀዝቃዛ አየር የለውም።

ከፊል ሥራና ጽሑፍ

እኔ ለአብዛኛው ባለቤት የምመርጠው ይህን ነው። ነጩ ንጹሕ ከሆነ በኋላ ከጠቅላላው ጎን ሲሶውን ብቻ የሚይዝ ፊልም ባዶነቱን ይሰብራል፤ ወጪው ከሙሉ ራፕ በጣም ያነሰ ነው፣ ዋናው ቀለምም ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ሦስት መንገዶች አሉት። አንደኛው ጎድጓዳዎቹን የመስኮት ቦታዎች በሚያብረቀርቅ ጥቁር ፊልም መሙላት ነው፤ ከሩቅ መስታወት ስለሚመስሉ መኪናው የተሳፋሪ ቫን ያህል የተሟላ ይታያል። ሁለተኛው የታችኛውን ክፍል፣ ከጎማው ማዕከል ትንሽ ከፍ ካለ መስመር ጀምሮ፣ በጥቁር ግራጫ መሸፈን ነው፤ መኪናውን ዝቅና ረዘም አድርጎ ያሳያል፣ የክረምቱንም ጭቃ ይደብቃል። ሦስተኛው ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ አንድ መስመር ወይም ቅርጽ ነው። ከሦስቱ ሁለቱን ማጣመር ይቻላል፤ ሦስቱንም ማድረግ ግን መኪናውን ያጨናንቀዋል። በቀለም ምርጫ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ በአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ሃይስ ማለት ታክሲ ነው፣ ቀይ መስመር ያለበት ነጭ ቫን ደግሞ አምቡላንስ ይመስላል። ሁለቱንም መራቅ ይገባል።

ጽሑፍ ሲጻፍ በጣም የተለመደው ስሕተት ብዛት ነው። የድርጅቱ ስም፣ ሥራው በሁለት ወይም በሦስት ቃል፣ አንድ ስልክ ቁጥር፤ ከዚህ ያለፈው በሚንቀሳቀስ መኪና ላይ አይነበብም። በሩቅ በግልጽ እንዲነበብ ለየ3 ሜትሩ ርቀት ወደ 2.5 ሴንቲ ሜትር የፊደል ቁመት ቢታሰብ፣ ከ15 ሜትር ለሚያይ ሰው ከ12 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ፊደል ያስፈልጋል። ለአማርኛ ግን ከዚህም ከፍ ማድረግ ይሻላል፤ ለ እና ሉ፣ በ እና ቡ የሚለያዩት በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ስለሆነ ቀጭን ፊደል ከሩቅ ሲያዩት ይደባለቃል። ወፍራምና እግሮቹ ጎልተው የሚታዩ ፊደል ይመረጥ። የጽሑፉ ቦታ ሲወሰንም ተንሸራታቹን በር ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል፤ በሩ ተከፍቶ ዕቃ በሚወርድበት ሰዓት፣ ማለትም ሰው መኪናውን ቆሞ በሚያይበት ሰዓት፣ ስልኩ ከተደበቀ ጽሑፉ ዋጋ የለውም። ስልኩን በኋላ በርም ላይ መድገም ይህን ያቃልላል፤ በትራፊክ ውስጥ ረጅም ጊዜ የሚታየውም የመኪናው ኋላ ነው። ማስታወቂያ ለያዘ ተሽከርካሪ የሚጠየቅ ፈቃድና ክፍያ ካለ ከመለጠፉ በፊት ማጣራት ይገባል።

ፓራውልትና ቸርኬ

በትንሽ ወጪ ብዙ ለውጥ የሚታይበት ቦታ ይህ ነው። ጥቁሩን ፓራውልት በመኪናው ነጭ ማስቀባት የጭነቱን ቫን ከፍ ያለው ደረጃ ያስመስለዋል፤ ፕላስቲክ ግን የራሱ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መያዣ ቅብ) አለው፣ ያለ እርሱ የተቀባ ቀለም ጠጠር በነካው ቁጥር ይላጣል። ዕቃ በሚጫንበት የኋላ ፓራውልት ላይ ጥቁሩን መተው ይሻላል፤ የሚረገጥና የሚፋቅ ቦታ ነውና።

ብረቱን ቸርኬ አሽቶ በብርማ ወይም በጥቁር ማስቀባት ብዙ ጊዜ ይበቃል። አሎይ (ከአልሙኒየም ቅይጥ የተሠራ ቸርኬ) ለመግጠም የወሰነ ሰው የሃይሱ ቸርኬ ባለ 6 ብሎን፣ የብሎኖቹ ክብ 139.7 ሚሊ ሜትር መሆኑን ብቻ አይቶ መግዛት የለበትም፤ ለቤት መኪና የተሠራ አሎይ ልኩ ቢገጥም እንኳ የጭነቱን ክብደት ላይችል ይችላል። የጃፓን ቸርኬ ከሆነ ለጭነት መኪና የተፈተነ መሆኑን የሚያሳየውን «ጄደብልዩኤል-ቲ» የሚል ምልክት ይፈልጉ፤ ጎማውም የጭነት ደረጃውን የጠበቀ ይሁን።

ምርጫው ለማን ነው?

መኪናውን በቅርቡ ሊሸጥ ያሰበ ሰው እድሳትና የቸርኬ ቀለም ይብቃው፤ ገዢ አዲስ የተቀባ ቫን ሲያይ የሚደብቀው ነገር እንዳለ ይጠረጥራልና ሙሉ ቀለም ዋጋውን ላይመልስ ይችላል። ዝገቱ የገፋ መኪና ይዞ ለብዙ ዓመታት ሊሠራበት የሚያስብ ሰው በነጩ ሙሉ ቀለም ያስቀባ፣ ጽሑፉን ቀለሙ በደንብ ከጠና ከሳምንታት በኋላ ያስለጥፍ፤ ቲነሩ ተንኖ ሳያልቅ የተለጠፈ ፊልም ከሥሩ አረፋ ይሠራል። ቀለሙ ደህና የሆነ ግን የደበዘዘ መኪና ያለው፣ ማለትም አብዛኛው ባለቤት፣ እድሳት፣ የፊት ፓራውልት ቀለምና ከፊል ፊልም ያዋህድ። ሙሉ ራፕ ለእኔ የሚገባኝ ብዙ መኪና ይዞ በአንድ መልክ መታወቅ ለሚፈልግ፣ ቀለሙም ከፋብሪካ እንደወጣ ላለ ድርጅት ነው።

የትኛውንም ቢመርጡ ከጋራዡ ጋር የሚደረገው ስምምነት በጽሑፍ ይሁን። ለቀለም ከሆነ ኮዱ፣ ሃርድነር ያለው መሆኑ፣ የትኞቹ ክፍሎች ተፈትተው እንደሚቀቡና የትኞቹ በወረቀት ተሸፍነው እንደሚታለፉ ይጻፍ፤ መብራት፣ እጀታና ላስቲክ ሳይፈታ የተቀባ መኪና ጠርዙ ላይ ቀድሞ ይላጣል። ለፊልም ከሆነ የፊልሙ ስምና ዓይነት፣ ከሚነሣ ጠርዝ ላይ የሚሰጠው የዋስትና ጊዜ፣ የተረፈውም ቁራጭ ለባለቤቱ እንደሚሰጥ ይካተት፤ አንድ በር ቢጋጭ ከዚያው ጥቅል የተረፈው ፊልም ብቻ ነው በትክክል የሚገጥመው። ላቫጆ ሲወስዱትም አጣቢው የውኃውን ግፊት ቢያንስ ከ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ፣ ከጠርዙ በተቃራኒ ሳይሆን ጠርዙን ይዞ እንዲረጭ አስቀድሞ ይንገሩት።